ምሰሶውን ማን ጠየቀው?

ነገሩ የቅርጫት ኳስ ነው፤ ይሁንና የቅርጫት ኳስ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ጨዋታውን የማይከታተል አንባቢም ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምናለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ2001 እስከ 2008 የኖርኩት አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ነው። ሥራዬ መሀል ከተማ በሚገኝ አንድ የመኪና ማቆሚያ የማታ ገንዘብ ተቀባይነት ነበር። የሚኒሶታ ቲምበርዎልቭስ የሚጫወትበት አዳራሽ ከእኛ ብዙም አይርቅም። ጨዋታ ሲያልቅ ውጤቱን ለማወቅ ሬዲዮ መክፈት አያስፈልገኝም ነበር፤ ሒሳብ ሊከፍል የመኪናውን መስኮት ከሚያወርደው ሰው ፊት ላይ አነበዋለሁ።

ያንን ሁሉ ፊት የሚያበራውና የሚያጠቁረው አንድ ተጫዋች ነበር፤ ኬቨን ጋርኔት። በ1995 ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ፣ በ19 ዓመቱ ወደ ክለቡ መጣ። በፎርዋርድነት ተሰልፎ ያገባል፣ ይከላከላል፣ ያቀብላል። በ2004 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ክለቡም በዚያው ዓመት እስከ ምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ ደረሰ። ከዚያ በፊት ግን ለሰባት ዓመታት በተከታታይ በጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር ተሰናብቷል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ጥሎ ማለፉን ከነጭራሹ አላየውም።

ጥፋቱ የማን ነበር? በ2000 ክለቡ ከአንድ ሌላ ተጫዋች ጋር በድብቅ ደንብ የጣሰ ውል መዋዋሉ ተደርሶበት 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ አዳዲስ ተጫዋቾችን በመጀመሪያው ዙር የመምረጥ መብቱንም ለበርካታ ዓመታት ተነጠቀ። ይህ ማለት ከጋርኔት ጎን ሊቆሙ ይችሉ የነበሩ ወጣቶች በአለቆቹ ጥፋት ምክንያት ሳይመጡ ቀሩ ማለት ነው። እሱ ቤቱን ተሸክሞ ቆሟል፤ ቤቱን ያዘመሙት ሌሎች ናቸው።

በሐምሌ 2007 መጨረሻ ክለቡ ጋርኔትን ለቦስተን ሴልቲክስ ሰጥቶ በምትኩ አምስት ተጫዋቾችና ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ተቀበለ። አንድ ለሰባት መሆኑ ነው። ያን ማታ እኔ ተናደድኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ላገለገለ ሰው ምላሹ ይህ ነው? ወርቅ ላበደረ ጠጠር!

አብረውኝ የሚሠሩ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አንድ የአገሬ ሰው ነበሩ። በአገር ቤት የከብት ነጋዴ ነበሩና ቁጣዬን ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ እንዲህ አሉኝ።

«እኔ ስንት በሬ ለውጫለሁ። በሬ ስትለውጥ ጥርሱን ታያለህ፣ ሸሆናውን ታያለህ፤ አሳቡን ግን አትጠይቅም። ለመሆኑ ይኼን ሰውዬ ጠይቀውታል?»

መልስ አልነበረኝም። እኔ የተቆጣሁት ለራሴ፣ ለክለቡና ለከተማው ነበር። ጋርኔት ራሱ ምን እንደሚፈልግ ለመጠየቅ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም።

በኋላ እንደተረዳሁት ተጠይቋል። ቦስተን በሰኔ ወር ሲፈልገው በወኪሉ በኩል አልሄድም ብሎ ነበር። ውሉ ሊያበቃ የተቃረበ በመሆኑ እምቢታው ክብደት ነበረው። ቦስተን ሬይ አለንን ካስመጣ በኋላ፣ ፖል ፒርስም እዚያው ስለነበረ፣ ነገሩን አመዛዝኖ እሺ አለ። ባለፈው ዓመት ከ82 ጨዋታ 24 ብቻ ያሸነፈው ቦስተን በቀጣዩ ዓመት 66 አሸንፎ በ2008 ዋንጫውን ወሰደ። ሚኒሶታ በበኩሉ ጥሎ ማለፍ ውስጥ እንደገና የገባው በ2018 ነው።

እንግዲህ «ኮከቡን ማቆየት ነው ወይስ መለወጥ?» የሚለውን ጥያቄ ብዙ ሰው የሚመልሰው በውጤት ነው። ዋንጫ ከመጣ ልክ ነው፤ ካልመጣ ስሕተት ነው። ነገር ግን ውጤት የሚታወቀው ከውሳኔው በኋላ ነው። የምንመረምረው የሰዎችን ሥነ ምግባር ከሆነ፣ ውሳኔውን በሰጡበት ሰዓት ሊያውቁትና ሊያደርጉት የሚችሉትን ልናይ ይገባል።

ዳላስን እንውሰድ። ጀርመናዊው ፎርዋርድ ዲርክ ኖቪትዝኪ በ2006 ፍጻሜ 2 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው በማያሚ ተሸነፉ። በ2007 ደግሞ 67 ጨዋታ ያሸነፈው ክለብ በመጀመሪያው ዙር በስምንተኛው ተወዳዳሪ ተባረረ። ክለቡ ግን አቆየው፤ በ2011 ዋንጫ አመጣ። በ2014ም ሌሎች ካቀረቡለት ባነሰ ደመወዝ ለመቆየት ራሱ መረጠ። 21 የውድድር ዘመን በአንድ ማሊያ ተጫውቶ በ2019 ተሰናበተ። በየካቲት 2025 ያው ክለብ ገና 25 ዓመቱ የነበረውን ሉካ ዶንቺችን፣ ለፍጻሜ ባደረሰው በዓመቱ፣ ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ አሳልፎ ሰጠ። ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ለተጫዋቹ አልተነገረውም። ተመልካቹ በዲርክ ሐውልት ሥር ተሰብስቦ ተቃውሞውን አሰማ። ሕዝቡን ያስቆጣው ኮከቡን ማጣቱ ብቻ አይመስለኝም፤ በእንቅልፍ ልብ መታለሉም ጭምር ነው።

አንድ ሰው «በሚሊዮን ይከፈላቸው የለም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። እርግጥ ነው፤ ጋርኔት በ1997 የፈረመው ውል 126 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የሊጉ ደንብም አብዛኛውን ተጫዋች ያለ ፈቃዱ ለመለወጥ ይፈቅዳል፤ ተጫዋቹም ይህን አውቆ ይፈርማል። ነገር ግን ደመወዝ የሚገዛው ጉልበትን እንጂ ሰውን አይደለም። ደንብ የፈቀደው ሁሉ ደግሞ ደግ ሥራ አይሆንም።

ጥያቄው እኔን የሚነካኝ ለምን እንደሆነ ልናገር። ዲቪ የደረሰኝ አባታችን በሞተ በሁለተኛው ዓመት ነው። የመምህርነት ደመወዜ እናቴንና ሁለት ታናናሾቼን ይደግፍ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ «ምሰሶው ከወጣ ቤቱ ምን ሊሆን ነው?» ሲል እናቴ ዝም ብላ ቆየች። ማታ ሁሉም ሲሄድ ጠራችኝ።

«አንተ ምን ትላለህ?»

«ልቆይ እንዴ እማዬ?»

«ከቆየህ ለእኔ ብለህ አይሁን። ኋላ ስትከፋ ፊትህን ማየት አልችልም።»

ሄድኩ። ገንዘብ መላክ እስክጀምር ድረስ ሁለቱን ክፍል አከራይታ በአንዷ ተጠጋግተው ኖሩ። መሄዴ ትክክል ይሁን ስሕተት ዛሬም አልወሰንኩም። ያን ማታ ግን ምሰሶ አልነበርኩም፤ ምሰሶ አይጠየቅም።

ጋርኔት በ2010 ታማኝነት አንዳንዴ እንደሚጎዳ፣ ወጣትነት አንዴ ካለፈ እንደማይመለስ ተናግሮ ነበር። ይህ አባባል ለእኛ ለተመልካቾቹ ከባድ ወቀሳ ነው። «አትለውጡት» እያልን የጮኽነው እሱን ወደን ነው ወይስ የራሳችንን ምሽት? ማቆየት ራሱ ዕዳ አለበት። «አንተ የእኛ ነህ» የሚል ክለብ ለዚያ ሰው የሚገባውን አጋር ማምጣት፣ ደንብ አለመጣስ፣ እውነቱን መንገር ግዴታው ነው። ይህን የማይከፍል ከሆነ ማቆየቱ ፍቅር ሳይሆን ስስት ነው። የሚለቅም ቢሆን አስቀድሞ ዓይኑን እያየ ሊነግረውና ሊጠይቀው ይገባል።

ስለዚህ የእኔ መልስ «አቆዩት» ወይም «ለውጡት» አይደለም። ሚኒሶታ ጋርኔትን መልቀቁ ትክክል ነበር እላለሁ፤ ሊከፍለው የማይችለውን ዕዳ ከማራዘም ይሻላልና። ዳላስም ዲርክን ማቆየቱ ትክክል ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች የሚገባውን ከፍለዋልና። ሉካን የሸኘበት መንገድ ግን ዋንጫ ቢያስገኝም እንኳ አይቀናም።

ጋርኔት በየካቲት 2015፣ በ38 ዓመቱ፣ ወደ ሚኒሶታ ተመለሰ። እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበርኩ። ሕዝቡ ቆሞ ሲቀበለው በቴሌቪዥን አይቼ ጋሼ ትዝ አሉኝ። በሬ ከተለወጠ በኋላ በፈቃዱ ወደ በረቱ ሲመለስ አይተው ያውቁ እንደሆነ ብጠይቃቸው ደስ ይለኝ ነበር።