የላንስበሪ ኅሊና

ጆርጅ ላንስበሪ ፖለቲካን የጀመረው የሌሎችን የምርጫ ዘመቻ በማደራጀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 ጄን ኮብደን ለለንደን ካውንቲ ምክር ቤት ስትወዳደር ዘመቻዋን የመራው እሱ ነው። ኋላም የምሥራቅ ለንደኗ ፖፕላር ከንቲባ ሆነ። ለዚህ አማኝ አንግሊካን፣ ክርስትና ያለ ድሀ እንጀራ ትርጉም አልነበረውም።

በ1921 ሥራ አጥነት ፖፕላርን አደቀቃት። ምክር ቤቱ ድሆችን መርዳቱን ላለማቋረጥ ሲል፣ ለመላው ለንደን ተቋማት የሚገባውን መዋጮ አልሰበስብም አለ። ፍርድ ቤት አዘዘ፤ እንቢ አሉ። ላንስበሪን ጨምሮ 30 ተመራጮች ታሰሩ፤ ስብሰባቸውንም ብሪክስተን እስር ቤት ውስጥ ቀጠሉ። ስድስት ሳምንት ያህል ታስረው ተፈቱ፤ ፓርላማውም ባለጠጎቹ ወረዳዎች ሸክሙን እንዲጋሩ ሕግ አወጣ።

ከ14 ዓመት በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን ይከብዳል፤ እኛንም ይነካል። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወርር ሲዘጋጅ፣ የሌበር ፓርቲ መሪ የነበረው ላንስበሪ በኢጣሊያ ላይ የሚጣል ማዕቀብ ወደ ጦርነት ያመራል ብሎ ተቃወመ። ቅንነቱ አያጠራጥርም። ሆኖም በፖፕላር የኅሊናውን ዋጋ የከፈለው እሱና ባልደረቦቹ ነበሩ፤ በ1935 ግን ከፋዩ የኢትዮጵያ ገበሬ ነበር። አማኝ በራሱ ደም እንጂ በሌላው ደም ሰላማዊ ሊሆን ይችላልን? በብራይተን የተካሄደው የፓርቲው ጉባኤ በሰፊ የድምፅ ልዩነት ማዕቀቡን ደገፈ፤ ላንስበሪም መሪነቱን ለቀቀ፤ ክሌመንት አትሊ ተካው።