ያለ አጃቢ ስለሚዜም ዜማ

በዘመናችን ካሉት ዘፋኞች አንዳንዶቹ፥ ብዙ ዓመት ከባንድ ጋር ኖረው ስማቸው በዓለም ከተሰማ በኋላ፥ አጃቢዎቻቸውን ሁሉ አሰናብተው፥ አንድ ፒያኖ ወይም አንድ ጊታር ብቻ ይዘው በካሜራ ፊት ይቀመጡና የቀድሞ ዜማቸውን እንደ ገና ያዜማሉ፤ ይህም በፊልም ተነሥቶ ለወዳጆቻቸው ይደርሳል። ወዳጆቻቸውም ባዩት ጊዜ በአንድ ቃል አይናገሩም። እኩሌቶቹ «ዛሬ ገና ልቡን ሰማን» ብለው ያለቅሳሉ፤ እኩሌቶቹ ደግሞ «ከምንወደው ነገር ግማሹን ሰጠን፤ ከበሮው ወዴት ሄደ?» ብለው ይቈጣሉ። ነገሩ የዘፈን ነገር ነውና ለካህናት ምን ይረባል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ ክርክር ሥር ያለው ጥያቄ የቈየ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም አንድ ነገር የሚደግፈው ሁሉ ተነሥቶለት ዕራቁቱን ሲቆም እውነተኛነቱ ይበዛልን ወይስ ይጐድላል? የሚለው ነው።

ለምሳሌ ያህል በአውስትራልያ የተወለደውን ኒክ ኬቭን እንመልከት። ይህ ሰው ባድ ሲድስ ከሚባለው ባንዱ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የኖረ ነው። በ2012 ዓ.ም. በሰኔ ወር፥ የኮሮና ወረርሽኝ የሰውን መሰብሰቢያ ሁሉ ባዘጋበት ጊዜ፥ በሎንዶን አሌክሳንድራ ፓላስ በሚባለው ታላቅ አዳራሽ ብቻውን ገብቶ፥ አንድም ተመልካች በሌለበት ከፒያኖ ጋር ተቀምጦ ዘፈነ፤ ፊልሙም በሐምሌ 16 ቀን ትኬት ለገዙ ሰዎች ታየ። ስለ ዘፈኖቹ የምፈርደው ፍርድ የለኝም። እኔን የያዘኝ የባዶው አዳራሽ ነገር ነው፤ ወደ እርሱም ኋላ እመለሳለሁ።

በግንቦት ልደታ ዕለት፥ በልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ንፍሮው ከተበላ በኋላ፥ ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይህንኑ የመሰለ ፊልም በስልክ ላይ ተመልክተው ሲከራከሩ ሰማኋቸው። አንደኛው በገና የሚማር ነው፤ እርሱም «የኔታ፥ እውነተኛ ዜማ ማለት ይህ አይደለምን? የሚሸፍነው ነገር የለም» አለኝ። ሁለተኛው ከበሮ መቺ ነው። ጥቂት ዝም ብሎ ቈይቶ «እንዲያ ከሆነስ፥ የኔታ፥ እስከ ዛሬ ሽፋን ሆኜ ኖርኩ ማለት ነዋ» አለ። የፊተኛው ንግግር ብልኅ ነው፤ እኔን ግን ያሳሰበኝ የኋለኛው ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በዚህ ነገር ላይ ብዙ ያስተምራል። በማኅሌት ጊዜ አንዱ ቃል አስቀድሞ በቁም ዜማ ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ከበሮ የለም፥ ጸናጽልም የለም። ቀጥሎ ያው ቃል በዝማሜ ይመለሳል፤ መቋሚያውም ከዘማሪው ሰውነት ጋር ወዲህና ወዲያ ያዘነብላል። ከዚያ በኋላ ጸናጽልና ከበሮ ይገባሉ፤ በመረግድ ረጋ ብሎ፥ በጽፋት ደግሞ ፈጠን ብሎ በጭብጨባ ይፈጸማል። እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ «እውነቱ ቁም ዜማው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጌጥ ነው» ቢል ሊቃውንቱ ይስቁበታል። ደግሞም «ቁም ዜማው ጥሬ ነው፤ የሚበስለው በጽፋት ነው» ቢል እንደዚያው ይስቁበታል። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚቆምበት መዓርግ ግን ልዩ ልዩ ነው።

ሆኖም ለበገና ተማሪው አንድ ነገር ልፈቅድለት ይገባል። ቁም ዜማውን ያልጠነቀቀ ሰው በከበሮው ድምፅ ውስጥ ተሸሽጎ ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል፤ አፉን ይከፍታል፥ መቋሚያውንም ያነሣል፥ ማንም አያውቅበትም። ብቻውን ቁም ሲባል ግን ወዲያው ይታወቃል። ስለዚህ ብቸኝነት ፈታኝ ነው። በመፈተንና በመፈጸም መካከል ግን ልዩነት አለ። ወርቅ በእሳት ይፈተናል፤ ከተፈተነ በኋላ ግን እሳቱን ማንም በአንገቱ አያስረውም።

ወርቅ ካነሣሁ ዘንድ፥ ስለ ሰምና ወርቅም ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው ይህን ምሳሌ አጣምሞ ይተረጕመዋልና። ሰሙ የማይረባ ቅርፊት፥ ወርቁ ብቻ ፍሬ እንደ ሆነ አድርጎ የሚናገር አለ። የአንጥረኛውን ሥራ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። አንጥረኛው አስቀድሞ የሚሻውን መልክ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙን አቅልጦ ያፈሰዋል፤ ወርቁም የሚገባው ሰሙ በለቀቀው ስፍራ ነው። ሰሙ ባይኖር ኖሮ ወርቁ መልክ የሌለው ጉብር ሆኖ በቀረ ነበር። ባንዱን አሰናብቶ ብቻውን የዘፈነው ሰውም የሚዘፍነው ባልንጀሮቹ በለቀቁለት ስፍራ ነው። ዜማው የት ላይ ዝም እንደሚል፥ የት ላይ እንደሚቸኵል የተማረው ከእነርሱ ጋር ሆኖ ነው።

ከዚህም የተነሣ ተቈጪዎቹን አድማጮች ልንንቃቸው አይገባም። እነርሱ የጐደለባቸው ጩኸት ብቻ አይደለም፤ የሰው ሥራ ነው። በእኛም አገር ከዋልያስ ባንድ ጋር ስሙ የታወቀው ኃይሉ መርጊያ፥ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን ሆኖ በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የአገሩን ዜማ ቀዳ። ሥራው እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ልብ ብሎ የሚሰማ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የከበሮ መቺውን ስፍራ ባዶ አልተወውም፤ በዚያ ስፍራ መኪና አቆመበት። ሰው ብቻውን ሲሆን እንኳ የባልንጀራውን ወንበር ማንሣት ይከብደዋል።

አሁን ደግሞ ለብቸኛው ወገን እንናገር፤ ይህ ወገን በእኛ ዘንድ ታላቅ ምስክር አለውና። በገና ዐሥር አውታር ያለው መሣሪያ ነው። በያንዳንዱ አውታር ሥር እንዚራ የሚባል ትንሽ ቍራጭ ቈዳ ይገባል፤ ያ የሚያንሾካሽክ የሚመስለው ንዝረት የሚመጣው ከእርሱ ነው። ይህ ድምፅ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ከከበሮ ጋር ቢሰለፍ ይጠፋል። እንግዲህ በገና ብቻውን የሚደረደረው ከፍጥረቱ የተነሣ ነው፤ ከሌላው መሣሪያ ይልቅ ስለ ጸደቀ አይደለም። በዐቢይ ጾም በየቤቱ የሚሰማውም ስለዚህ ነው። መምህር ዓለሙ አጋ ይህን ሙያ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በልጅነታቸው ተምረው፥ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ኖሩ፤ በደርግ ዘመን ትምህርቱ ሲቋረጥ በገናው በቤት ውስጥ ቈየ። ማኅበር የሚያስፈልገው ዜማ ቢሆን ኖሮ ያን ዘመን ማለፍ በከበደው ነበር። ሹም የሚከለክለው ጉባኤን ነው፤ በጓዳ የተቀመጠውን ሰው ማን ያገኘዋል?

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም እንዲሁ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ተወልደው፥ በስዊስ አገር ቫዮሊንና ፒያኖ ተምረው፥ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ወደ ኢጣልያ ተግዘው፥ በኋላም በግሸን ማርያም መንኵሰው ኖረዋል፤ መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ዐርፈዋል። ፒያኖአቸው አጃቢ የለውም። ሰሚው ግን በዚህም ተከፍሎአል፤ አንዱ ጃዝ ነው ይላል፥ አንዱ የያሬድ ዜማ ጥላ አለበት ይላል፥ አንዱም መነኵሲት ከፒያኖ ጋር ምን አላት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2020 «ታይም» በተባለው የአሜሪካ ፊልም፥ ባልዋ ስለ ታሰረባት ሴት በሚናገረው፥ የእማሆይ ፒያኖ ተሰምቶአል። በግሸን ተራራ ላይ የኖሩ መነኵሲት ለሉዊዚያና እስረኛ ሚስት አጃቢ ሆኑ ማለት ነው፤ ይህንስ ማን ዐሰበው?

ቅዱስ ያሬድንም ብናነሣ ጥያቄው ይጠናል። ንጉሡ ገብረ መስቀል ዜማውን እየሰማ ሳለ ጦሩ የያሬድን እግር ወጋ፤ ሰሚውም ዘማሪውም አላወቁም። ሲያውቁ ንጉሡ ደንግጦ የምትሻውን ለምነኝ አለው፤ ያሬድም ወደ ሰሜን ምድር ሄዶ ብቻውን እንዲኖር ለመነ። ያን ጊዜ የአክሱም ካህናት ምን አሉ ይሆን? አንዱ «ከዓለም ተለየ፥ ደስ ይበለን» ብሎ ይሆናል፤ አንዱም «ማኅሌታችን ጐደለ» ብሎ ያዘነ አይጠፋም። እኔ ያዘነውን ሰው አልነቅፈውም። ያሬድም በሰሜን ሆኖ ማስተማሩን አልተወም።

ወደ ባዶው አዳራሽ ልመለስ። በጓዳ ብቻውን የሚደረድር ሰውና በካሜራ ፊት ብቻውን የሚደረድር ሰው አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው የማያያቸው ሺሕ ዐይኖች አሉበት። ተመልካቹም እንደዚሁ ነው፤ ያያል እንጂ አይታይም። ዳዊት ታቦቱን ወደ ከተማ ሲያስገባ በጎዳናው ላይ የነበረው ሕዝብ ሁሉ አብሮት ደስ አለው። የናቀችው ሜልኮል ብቻ ናት፤ እርስዋም ያየችው በመስኮት ነው። በጎዳናው ብትቆም ኖሮ ያንኑ ሰው ልዩ አድርጋ ባየችው ነበር ብዬ አስባለሁ። ፊልም መስኮት ነው። ይህን ስል ፊልምን መኰነኔ አይደለም፤ መስኮት የሌለው ቤት ጨለማ ነው። በመስኮት የሚያይ ሰው ግን ስለሚያየው ነገር ሲፈርድ የቆመበትን ስፍራ ማሰብ አለበት።

እኛም በሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ይህን ቀምሰነዋል። ምእመናን በየቤታቸው ሆነው እንዲጸልዩ ተነግሮአቸው ትንሣኤን ያከበሩ ብዙዎች በቴሌቪዥን መስኮት ነበር። ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን ባነሰ አይቀደስም፤ በገናን ብቻውን የፈቀደች ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴን ለአንድ ሰው አልፈቀደችም። በመጽሐፈ ቅዳሴውም «ይበል ሕዝብ» የሚል ምልክት በየገጹ አለ። በዚያች ሌሊት ሕዝቡ በየቤቱ መለሰ፤ መቅደሱ ግን አልሰማውም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓይነት ሰው አገኘሁ። አንደኛው «የጸሎቱን ቃል እንደዚያ ጥርት ብሎ ሰምቼው አላውቅም፤ የሚያውከኝ አልነበረም» አለ። ሁለተኛው ደግሞ «ባዶውን ቅጽር ማየት አልቻልኩም፤ አጠፋሁት» አለ። ሁለቱም በእውነት የሚወዱ ናቸው። አንዱን ምረጥ ብባል ግን ያጠፋውን ሰው እመርጣለሁ፤ እርሱ የጐደለውን አውቆታልና። ለከበሮ መቺውም ልጅ የመለስኩለት ይህን ነው፤ ጓደኛው ግን አልተቀበለኝም፥ ክርክሩም እስከ ምሽት ቈየ።

በማግሥቱ ለሁለቱም አንድ ነገር አሰማኋቸው። እማሆይ ጽጌ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባለው ዘመን በአዲስ አበባ በቤተ ሰባቸው ቤት ሆነው በአማርኛ እየዘመሩ በካሴት ያስቀሩት ነው፤ ከዐረፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሞ ወጣ። ካሜራ አልነበረበትም፥ ሰሚም አልነበረበትም። በገና ተማሪው ዐይኑን ጨፍኖ ሰማ፤ ከበሮ መቺው ግን ጥቂት እንደ ሰማ ጣቱን አንሥቶ «ቈይ፥ ይህ ምንድን ነው?» አለ። ከመስኮቱ ውጭ የወፎች ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ማንም አላወጣውም።