ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ… ግን መቼ?

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላል ያገራችን ሰው። በሬ የሚጠመደው በጥንድ ነው፤ የሰው ምስክርነትም ከአንድ ይልቅ በሁለት አፍ ይጸናል። ወደ አውሮፕላን ደረጃ የሚያመራ መንገደኛ ግራና ቀኝ ክንፍ ሥር ያሉትን ሁለት ሞተሮች ሲያይ ልቡ የሚረጋውም በዚሁ ሒሳብ ነው፤ አንዱ ቢጠፋ አንዱ አለ! እኔን ሲከነክነኝ የኖረው ይህ ሒሳብ ነው። ሁለት መሆን መድኃኒት የሚሆነው መቼ ነው? ሁለተኛ ዕድል በእጁ ያለ ሰውስ ከሌለው ይልቅ በእርግጥ የተጠበቀ ነውን?

ጥያቄው ለባሕር ዳር የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ አዲሱ ዓመት ገና አምስተኛ ቀኑን በያዘበት ዕለት፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ለመብረር ተንደረደረ። ውስጡ 104 ሰዎች ነበሩ። ከመሬት ሊላቀቅ ሲል የርግብ መንጋ ገጠመው፤ ርግቦቹም ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ። አብራሪዎቹ ዞረው ወደ ማረፊያው ለመመለስ ቢሞክሩም ሞተሮቹ አልዘለቁላቸውም። አውሮፕላኑ በሆዱ መሬት ላይ አረፈ፤ እሳትም ተነሣ። 35 ሰዎች ሞቱ፤ 69ኙ ተረፉ።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበር፤ አውሮፕላኑን የጣለው ግን ጥይት አይደለም። ለኖኅ የምሥራች ይዛ የተመለሰችው የወፍ ዘር ናት። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ሒሳብ፣ ያ ሁሉ ትምህርት በርግብ ተሸነፈ።

የሁለት ሞተር ሒሳብ እንዲህ ይላል፦ አንዱ ሞተር ከሺህ ጉዞ አንድ ጊዜ ይበላሻል እንበል፤ ሁለቱ በአንድ ጉዞ የሚበላሹት ታዲያ ከሚሊዮን አንድ ጊዜ ነው። ያማረ ሒሳብ ነው። ነገር ግን በሆዱ አንድ ያልተነገረ ውል ይዟል፤ የአንዱ መከራ ከሌላው መከራ ጋር አይተዋወቅም የሚል። መንጋው ይህን ውል አያውቀውም። ለግራው ሞተር የመጣው ለቀኙም በዚያችው ቅጽበት መጣ። በ1953 ዓ.ም. መስከረም ላይ ቦስተን ከተማ አንድ ሎክሂድ ኤሌክትራ አውሮፕላን እንዲሁ በወፍ መንጋ ወድቆ፣ ከ72 ሰዎች 62ቱ ሞተዋል። የዚያ አውሮፕላን ሞተሮች አራት ነበሩ። ቁጥሩ ቢበዛም አደጋው የጋራ ከሆነ ብዛት ብቻውን አያድንም ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ ስሻገር፣ ከጀልባው ወለል ላይ መቅዘፊያ ተጋድሞ አየሁ። ሞተር እያለ ይህ ለምን አስፈለገ ብዬ ባለ ጀልባውን ብጠይቀው «ጋሼ፣ ይኼ ነዳጅ አይጠጣም» አለኝ። በዚህች አጭር መልስ ውስጥ ብዙ ቁም ነገር አለ። እውነተኛ መጠባበቂያ የመጀመሪያው መንትያ አይደለም፤ የመጀመሪያውን የሚገድለው ነገር የማይገድለው ነው። ያው ነዳጅ የሚጠጣ ሁለተኛ ሞተር ቢጭን ኖሮ ነዳጁ ሲያልቅ ሁለት ዝም ያሉ ሞተሮች ይኖሩት ነበር።

ይህ የጥያቄው አንድ ወገን ነው። ሌላው ወገን የሚገኘው በትንንሾቹ አውሮፕላኖች ዘንድ ነው። በደርግ ዘመን አየር መንገዳችን «እሸት» የሚል ስም ሰጥቶ የገጣጠመው የእርሻ አውሮፕላን ባለ አንድ ሞተር ነበር። የእንዲህ ዓይነቱ አብራሪ ገና እንደተነሣ ሞተሩ ቢጠፋበት ምርጫው መራራ ቢሆንም ግልጽ ነው፤ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፊት ለፊቱ ካለው ሜዳ ያርፋል። ዝቅ ብሎ እየበረረ ወደ ማረፊያው ልመለስ ብሎ የሚጠመዘዝ ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱን ያጣና ይወድቃል።

ባለ ሁለት ሞተሩ ትንሽ አውሮፕላን ግን ሌላ ፈተና አለበት። አንዱ ሞተር ሲጠፋ የቀረው አውሮፕላኑን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል፤ ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ ከወረደ የጭራው መሪ ሊመልሰው አይችልምና ይገለበጣል። ሰው የሚዘነጋው ሌላም ነገር አለ። የጉልበቱ ግማሽ ሲጠፋ ከመውጣት አቅሙ የሚጠፋው ግማሽ አይደለም፤ 80 በመቶ ያህሉ ሊሄድ ይችላል። አውሮፕላን ወደ ላይ የሚወጣው አየር ላይ ለመቆየት ከሚያስፈልገው ጉልበት በተረፈችው ነውና። እንደ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር በላይ በሆነ፣ አየሩ በሳሳ ቦታ ደግሞ ትርፏ ይብስ ታንሳለች። ስለዚህም አብራሪዎች እርስ በርሳቸው «ሁለተኛው ሞተር የሚጠቅመው ወደ አደጋው ቦታ ለማድረስ ነው» እያሉ ይቀልዳሉ። ቀልዱ መራራ ነው፤ የቀረችው ግማሽ ዕድል ቁርጥን እንዳናውቅ ታባብለናለች ማለት ነውና።

ታዲያ ምንም የሌለው ይሻላል ልንል ነው? አይደለም! «ችግር ጥበብን ያስተምራል» እያሉ ድህነትን ማመስገን ጥጋበኛ የሚያወራው ወሬ ነው። ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች አንድ ሞተር ቢጠፋባቸውም በቀረው መነሣትና መውጣት እንዲችሉ ሕግ ያስገድዳል፤ ይህም ብዙ ነፍስ አትርፏል። እኔ የምለው ሁለተኛው ዕድል ሁለት ነገር ይጠይቃል ነው፤ ከመጀመሪያው የተለየ መሆንን፣ ደግሞም አስቀድሞ የተቆረጠ ውሳኔን።

ይህን ሁለተኛውን አብራሪዎች ከሁላችንም ቀድመው ተረድተውታል። በየጉዞው ከመነሣታቸው በፊት አንድ የውሳኔ ፍጥነት ያሰላሉ። ከዚያች ፍጥነት በታች ሞተር ቢጠፋ ይቆማሉ፤ ከዚያች በላይ ቢጠፋ ይነሣሉ። በዚያች ሰዓት «ምን ይሻላል?» ብሎ ክርክር የለም፤ የረጋው ሰው የሚደነግጠውን ሰው አስቀድሞ አስሮታል። ጤነኛ ሳለ ኑዛዜውን የሚጽፍ አዛውንትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ይሁን እንጂ የባሕር ዳሩ ዓይነት አደጋ የተሰላውን ሁሉ አልፎ ይመጣል። ያኔ ሰውን በምን እንፍረደው? ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ካፒቴን ሰለንበርገር የሚያዙት ኤርባስ 320 ሁለቱም ሞተሮቹ በዝይ መንጋ ተመቱ። ካፒቴኑ ወደ ማረፊያው መመለሱን ትተው ሃድሰን ወንዝ ላይ አሳረፉት፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። ቆይቶ መርማሪዎች ሁኔታውን በማስመሰያ መሣሪያ ሲሞክሩት፣ በተመታበት ቅጽበት ወዲያው ከዞሩት አብራሪዎች አንዳንዶቹ ማረፊያው ደረሱ። ለማሰቢያ 35 ሰከንድ ሲጨመር ግን አልተሳካም። መርማሪዎቹም ሰው ነገሩን ለመረዳት ጊዜ እንደሚያስፈልገው ተቀበሉ።

እነዚያ 35 ሰከንዶች ለእኔ ትልቅ የፍትሕ ትምህርት ናቸው። ቡና እየጠጣን «ጣና አጠገባቸው ነበር፤ ለምን ውኃው ላይ አላረፉም?» ማለት ይቀላል። የምናውቀውን የምናውቀው ግን መጨረሻውን ስላየን ነው። ሰው የሚዳኘው በዚያች ሰዓት በእጁ በነበረው እውቀት እንጂ እኛ ቆይተን ባገኘነው አይደለም። የሃድሰኑን አብራሪ ጀግና ስንል የሌላውን ጥፋተኛ የማድረግ መብት አላገኘንም፤ ከአንዱ በታች ወንዝ ነበር፣ አንዱ ደግሞ ገና ከመሬት መላቀቁ ነበር።

ይህ ስለ አውሮፕላን ብቻ አይመስለኝም። ሁለት ወንድማማቾች «አንዳችን ብንወድቅ አንዳችን እናነሣለን» ተባብለው ሁለቱም በአንድ ዝናብ የሚያርሱ ከሆነ ድርቅ ሁለቱንም በአንድ ቀን ያገኛቸዋል። ባልና ሚስት ከአንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚበሉ ከሆነ ሁለት ደመወዝ አላቸው ማለት ይከብዳል። መተማመኛችንን ስንቆጥር «ስንት ነው?» ከማለት አልፈን «ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚመታው ምንድን ነው?» ማለት አለብን።

መልሱም ብዙ ጊዜ አየር ላይ አይገኝም። ወፍ ወደ ማኮብኮቢያ የሚመጣው መብል፣ ውኃና መጠለያ ፍለጋ ነው። ሣሩን በልኩ የሚያጭድ፣ ቆሻሻ በአቅራቢያው እንዳይጣል የሚከለክል፣ አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት ወጥቶ መንጋውን የሚያባርር ሠራተኛ አለ። ስሙ በጋዜጣ አይወጣም፤ ሥራው በተሳካ ቁጥር የሚታይ ነገር የለምና ማንም አያመሰግነውም። ከሁለቱ ሞተሮች የተለየው፣ ነዳጅ የማይጠጣው መጠባበቂያ ግን እሱ ነው። የ35ቱ ሰዎች ሞት ከእኛ አንድ ነገር የሚጠይቅ ከሆነ፣ የሚጠይቀው ለዚህ ሰው ሥራ ተገቢውን ክብርና ደመወዝ እንድንሰጥ ይመስለኛል።