ራሱ ታሞ ወላጁን የሚያስታምም ሰው ምን ያድርግ?

አንባቢ ሆይ፥ አባትህንና እናትህን ታከብር ዘንድ መታዘዝህን ከልጅነትህ ጀምሮ ተምረሃል። ይህም ክብር በአፍ ብቻ አይፈጸምም፤ ወላጅ ባረጀና በታመመ ጊዜ በእጅም በእግርም የሚፈጸም ነው። ነገር ግን የሚያስታምመው ልጅ ራሱ በሽተኛ የሆነ እንደ ሆነ ምን ይደረግ? ለራሱ ሕመም ማሰቡ ወላጁን መበደል ይሆንበታልን? ይህን ነገር በእርጋታ እንመርምር።

ነገሩ ግልጥ ይሆንልን ዘንድ አንዲት ሴት እናስብ። ይህች ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ የስኳር በሽታ ያለባት፥ በየቀኑም ኢንሱሊን የሚባለውን መድኃኒት በመርፌ የምትወስድ ናት። አንድ ቀን ማለዳ አረጋዊት እናቷ ፊታቸው ወደ አንድ ወገን ተጣምሞ፥ ቀኝ እጃቸው ዝሎ፥ አንደበታቸውም ተሳስሮ አገኘቻቸው። ይህ በአንጎል ውስጥ የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ሕመም ነው፤ በዘገዩ መጠን የአንጎል ክፍል ይሞታልና አንዲት ሰዓት እንኳ ማባከን አይገባም። ስለዚህ ሴቲቱ እናቷን ወዲያው ወደ ሆስፒታል አደረሰች፤ መልካምም አደረገች።

ከዚያ በኋላ ግን በአገራችን እንደሚሆነው የአስታማሚ ሥራ ሁሉ በእርሷ ላይ ወደቀ። ካርድ ለማውጣት ተሰለፈች፥ መድኃኒት ፍለጋ ወጣች፥ እናቷን ከጎን ወደ ጎን አገላበጠች፥ ሌሊቱንም በወንበር ላይ ተቀመጠች። ማታ መርፌዋን እንደ ልማዷ ወስዳ ነበር፤ ነገር ግን እናቴ ሳትቀምስ እኔ እንዴት እበላለሁ ብላ እራት አልበላችም። ኢንሱሊን የደምን ስኳር የሚያወርድ ነውና ምግብ ሳይከተለው ሲቀር እጅ ይንቀጠቀጣል፥ ሰውነት በላብ ይጠመቃል፥ አሳብ ይቃወሳል፥ በመጨረሻም ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል። እርሷም ሊነጋ ሲል ከአልጋው አጠገብ ወደቀች። ለነርሶቹ በአንድ በሽተኛ ፈንታ ሁለት ሆኑባቸው፤ እናቲቱም መናገር ሳይቻላቸው የልጃቸውን መውደቅ በዓይናቸው አዩ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህች ልጅ ፍቅር አጥታ ነውን? አይደለም። ፍቅር ነበራት፤ ነገር ግን መውደድንና ራስን መጣልን አንድ አድርጋ ቈጠረቻቸው። መራቧ ለእናቷ አንዲት ጕርሻ አልጨመረላቸውም፤ የሚያገላብጣቸውን እጅ ግን ወሰደባቸው። የእናቲቱ አንደበት ቢፈታ ኖሮ አስቀድመው የሚጠይቋት «በልተሻል ወይ?» ብለው እንደ ሆነ የማያውቅ የእናት ልጅ ማን ነው?

መርፌውን ትታው ቢሆንማ ኖሮ የባሰ ነበር፤ እንዲህ ላለው በሽተኛ ኢንሱሊን ሲቋረጥ ደሙ በጥቂት ቀን ውስጥ ይመረዛልና። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1922 ዓ.ም. በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ይህ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው እስኪሰጥ ድረስ፥ በዚህ በሽታ የተያዙ ልጆች ብዙ ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር። ለእናቲቱ ልጃቸውን ያቆየላቸው እርሱ ነው፤ እንግዲህ መድኃኒቷን መጠበቅ ለእናቷ መታመን አይደለምን? ነቢዩ ኤልያስም በምድረ በዳ ዝሎ በተኛ ጊዜ መልአኩ ያቀረበለት ተግሣጽ ሳይሆን እንጎቻና ውሃ ነበረ፤ ያውም ሁለት ጊዜ፥ ገና ብዙ መንገድ ቀርቶት ነበርና።

ሁለተኛው ስሕተቷ ዝምታዋ ነው። ወንድሞቿ በስልክ ሲጠይቋት «ደኅና ነኝ፥ አትምጡ» ትላቸው ነበር። ይህ ትዕግሥት ይመስላል፤ በውስጡ ግን ከእኔ በቀር ማንም አይበቃም የሚል ትዕቢት ሊሸሸግበት ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ድካሙን የደበቀም ረዳት አይገኝለትም። ሙሴ እጆቹ በዛሉበት ቀን አሮንና ሆር በግራና በቀኝ ደገፉት፤ መደገፉም ክብሩን አልቀነሰበትም።

ነገር ግን ይህን ቃል ለስንፍናው መሸፈኛ የሚያደርገው ሰው እንዳይኖር እንጠንቀቅ። ጌታ ኢየሱስ ገንዘባችን ቍርባን ነው እያሉ ወላጆቻቸውን መርዳት የተዉትን ሰዎች ነቅፏቸዋል፤ «አሞኛል» የሚለውም ቃል እንዲህ ያለ ማምለጫ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ በዚህ ይታወቃል፤ እውነተኛው በሽተኛ የማይቻለውን ሲተው የሚቻለውን ይፈልጋል፥ ሰነፉ ግን የማይቻለውን እየቈጠረ የሚቻለውን ይደብቃል። ሌሊት መቀመጥ ባይቻልህ ቀን ተቀመጥ፤ ማገላበጥ ባይቻልህ የመድኃኒቱን ሰዓት ጻፍ፥ ከሐኪሙም ጋራ ተነጋገር።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ የራስህን መድኃኒት ከወላጅህ መድኃኒት ጋራ በአንድ ከረጢት ያዝ። ሕመምህ እንደዚህች ሴት ሕመም ከሆነ ስኳር ወይም ከረሜላ ከኪስህ አይለይ። ሕመምህን ለነርሷ ንገራት፤ ሌሊቱንም ከወንድሞችህና ከእኅቶችህ ጋራ ተካፈል። ጕልበትህ አልቆ ከአልጋው አጠገብ መራቅ ግድ ቢሆንብህም ራስህን አትኰንን። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ እንደ ሰጠ አስብ። ለታመነ ሰው አደራ መስጠት ወላጅን መተው አይደለም፤ እርሱም ማክበር ነው።