ስለ መብራትና ስለ ሐይቅ ዳር ፍጥረት

ጭስ የማያወጣ ሥራ ሁሉ ንጹሕ ነውን? ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታይህ ይሆናል፤ ነገር ግን በዳንግላና በእንጅባራ ለምንኖር ሰዎች የቅርብ ጉዳይ ነው።

በዳንግላ የዘነበው ዝናብ በኪልቲ ወንዝ ወደ ግልገል ዓባይ፥ ከዚያም ወደ ጣና ይገባል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ደግሞ ውሃውን ከሐይቁ ምዕራብ ዳር ተቀብሎ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ይወስደዋል፤ ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲያወርደው 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ይችላል። ከዚያ ወዲያ በለስ ተረክቦት በጃዊ፥ ማለት በዚሁ በአዊ ምድር፥ ይፈስሳል። ውሃው ከእኛ ወጥቶ ወደ እኛ ይመለሳል፤ በመካከል ያረፈበት ሐይቅ ግን የሌላም ፍጥረት ቤት ነው።

በጣና ዳር ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ይበቅላል። ጉማሬው፥ ባለ ዘውዱ ሽመላ፥ በበጋም ከሩቅ ሰሜን አገር የሚመጡት ወፎች ኑሯቸው በዚያ ረግረግ ነው። በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ የዓሣ ዓይነቶችም አሉ። ዳሩ ጥልቅ ስላልሆነ ውሃው ጥቂት ሲጎድል ብዙ መሬት ይደርቃል። ይህም በ1995 ዓ.ም. ታይቷል። ዝናቡ አንሶ ሳለ ለጢስ ዓባይ ተርባይኖች ውሃው በጨረጨራ ይለቀቅ ስለ ነበር ሐይቁ እጅግ ጎደለ፤ መርከቦች ቆሙ፥ ብዙ ደንገል ጠፋ፥ በደረቀውም ዳር ሰው ያርስ ጀመር። (አራሹን አልወቅስም፤ መሬት የጠበበው ሰው ምን ያድርግ?)

የኩራዝ ጭስ እያሳለው የሚያጠና ልጅ እያለ ለወፍ ማዘን ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። ነገሩን አልንቀውም፤ መብራት ያልገባበት ቤት ዛሬም ብዙ ነው። ሆኖም የልጁ ችግር ውሃ ለምን እንደሚወሰድ ያስረዳል፤ ምን ያህል እንደሚወሰድ ግን አይነግረንም። በልጁ ስም የተወሰደው ኃይል በከተማ በጠራራ ፀሐይ የመንገድ መብራት ሲያበራ ከዋለ፥ ልጁን ምስክር አድርጎ መጥራት ነውር ይመስለኛል።

ገበሬ ውሃው ቢወሰድበት ወደ ዳኛ ይሄዳል። ሽመላ የት ይሄዳል? ስለዚህ ውሃውን የሚለካው መሐንዲስ፥ ምናልባት ነገ አንተ የምትሆነው፥ ለዳሩ የሚቀረውን አስቀድሞ ቆጥሮ ከዚያ የተረፈውን ለተርባይኑ ቢሰጥ ፍርዱ የቀና ነው እላለሁ። የሚፈተነውም በግንቦት ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ፥ ሐይቁ ዝቅ ብሎ፥ ከተሞች ሁሉ ኃይል ሲጠይቁ።