ጀፎረ፣ ጎዳናና ብስክሌት

መንገድ የሚለው ቃላችን ከንግድ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በግዕዝ «ነገደ» ማለት ተጓዘም ሸቀጠም ማለት ሲሆን፣ ነጋዴውም ንግዱም መንገዱም የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። አባቶቻችን ሰው ያለ ጉዳይ ይሄዳል ብለው አላሰቡም ለማለት ይቻላል። ጉዳዩ ገበያ፣ ለቅሶ፣ ዳኝነት ወይም ስለት ሊሆን ይችላል፤ ጉዳይ ግን አለ። ያለ ጉዳይ የሚሄደውን ሰው ቋንቋችን የሚጠራው «ዟሪ»፣ «አውደልዳይ»፣ «ሥራ ፈት» እያለ ነው፤ ሦስቱም ምስጋና አይደሉም። ጥያቄዬ እንግዲህ ከዚህ ይነሣል። ሰው ለመሄድ ሲል ብቻ ቢሄድ፣ ለዚያም የሚሆን መንገድ ተለይቶ ቢሠራለት፣ ይህ የሥልጣኔ ምልክት ነው ወይስ የጥጋብ?

ጥያቄው በግልጽ የሚታይበት አንድ ሩቅ አገር አለ። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ከተማ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሲሄዱ፣ ላንድ የሚባል እጅግ ሰፊ የጥድ ደን ይገኛል። ከባሕሩ ዳር የአሸዋ ጉብታዎች ጀርባ ኡርታንና ላካኖ የተባሉ ሐይቆች ተኝተዋል። በዛፎቹ መካከልና በሐይቆቹ አጠገብ ሞተር የማይገባበት የብስክሌት መንገድ ተዘርግቷል፤ አባትና እናት ልጆቻቸውን አስከትለው የመኪና ጥሩምባ ሳይሰሙ ሲጓዙ ይውላሉ።

ይህን ያየ ሰው ሁሉ ተፈጥሮ በነፃ የሰጠችው ጸጋ ይመስለዋል። ደኑ ግን የተተከለ ነው። እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ አካባቢው ውሃ የሚቋጥር ረግረጋማ ሜዳ፣ እረኞቹ በረጅም የእንጨት እግር ላይ ቆመው በጎቻቸውን የሚጠብቁበት የጋራ ግጦሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1857፣ በሦስተኛው ናፖሌዎን ዘመን፣ መንደሮቹ መሬቱን አጠንፍፈው ዛፍ እንዲያለሙበት የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። የጋራው ግጦሽ በብዛት ወደ ግል እጅ ገባ፤ እረኛውም ከነእንጨት እግሩ ቀስ በቀስ ከምድሩ ጠፋ። ከብስክሌት መንገዶቹም አንዳንዶቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወራሪው የጀርመን ጦር ለባሕር ዳር ምሽጎቹ ያነጠፋቸው የሲሚንቶ መንገዶች ናቸው። ሌሎቹ ባቡር የተዋቸው የሐዲድ መስመሮች ነበሩ፤ ከቦርዶ ወደ ሶቭቴር የሚሄደው አንዱ ዛሬ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1937 የፈረንሳይን ዙር ባሸነፈው በሮዤ ላፔቢ ስም ነው። ራቅ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1681 የተከፈተው የሚዲ ቦይ አለ። ዛሬ ብስክሌተኛ የሚንሸራሸርበት የቦዩ ዳር ጥንት ፈረሶች ጀልባ እየጎተቱ ላባቸውን ያፈሰሱበት ነው። ጸጥታው እንግዲህ ትርፍ ነው፤ ሥራውና ጦርነቱ ካለፉ በኋላ የተረፈ።

ብስክሌተኛውም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ1936 የሕዝባዊ ግንባር መንግሥት በተመረጠበት ወቅት የፈረንሳይ ሠራተኞች ፋብሪካዎቹን ይዘው ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ሳምንት ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍትና በሳምንት 40 የሥራ ሰዓት በሕግ ተደነገገ። በዚያ በጋ ብዙ ሠራተኞች፣ አንዳንዶቹ ባልና ሚስት በአንድ ባለ ሁለት ወንበር ብስክሌት ተፈናጥጠው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ገጠርና ወደ ባሕር ወጡ። ያለ ጉዳይ የመሄድ መብት በትግል የተገኘ መብት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። «ጥጋብ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ለመዝጋት የሚቸኩል ሰው ይህን ታሪክ ይርሳው ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። እንሴኖ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በምዕራብ ጀርባዋን ለጉራጌ ተራሮችና ለዘቢዳር ሰጥታለች፤ ፊቷ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለልና ወደ ደንበል ሐይቅ ነው። ከተራሮቹ የሚነሣው የመቂ ወንዝም መድረሻው ያው ሐይቅ ነው። ለብስክሌት ከዚህ የተሻለ አገር ማን ሊነድፍ ይችላል? ከዋናው መንገድ ጥቂት ወጣ ሲሉ በግራር ጥላ፣ በበቆሎና በበርበሬ ማሳ መካከል (የማረቆን በርበሬ የማያውቅ ወጥ ቤት በአገራችን መኖሩን እጠራጠራለሁ) የሞተር ድምፅ የማይሰማበት የእግር መንገድ ሞልቷል። ፈረንሳዮቹ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዘመን የጨረሱበት ጸጥታ እዚህ ያለ ዋጋ የተሰጠ ይመስላል።

ይመስላል እንጂ፤ በአንዱ እንዲህ ባለ መንገድ በብስክሌት ስወርድ፣ ጆንያ የጫነች አህያ የሚነዱ አንድ አዛውንት አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ መኪና አጥተህ ነው?»

«የለም አባባ፣ ወድጄ ነው።»

«ወድደህ?» አሉና ብስክሌቱን ከጎማ እስከ መሪው አዩት። «እኛ እንኳ ሳንወድ ነው።»

ምሬት አልነበረባቸውም፤ አህያይቱን ቸብ አድርገው አለፉ። እኔ ግን በዚያ ቀን ከእነዚያ ሁለት ቃላት ርቄ መሄድ አልቻልኩም። ውድና ግድ! አማርኛችን የነፃነትን ጥያቄ በነዚህ ሁለት ቃላት አስሮ ይዞታል። ያው ኮረብታ፣ ያው አቧራ፣ ያው ድካም ነው፤ አንዱ ወዶ ሲገባበት ሽርሽር ይባላል፣ ሌላው ሳይወድ ሲገባበት ኑሮ ይባላል። ለእኔ መኪና የሌለበት መንገድ የወፍ ድምፅ የምሰማበት ነው። ለእሳቸው ቤተሰብ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ የምትሄድበት፣ በርበሬው ገበያ ሳይደርስ ዋጋው የሚወድቅበት መንገድ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያይ ስለ ገጠር ጸጥታ የሚዘምር ሰው ስንኙ የቱንም ያህል ቢያምር ይዋሻል። በእኛ በገጣሚዎቹ ሰፈር ይህ ውሸት የተለመደ ነው፤ ገጠርን ለማወደስ ከተጻፈው ግጥማችን ብዙው ከመኪና መስኮት የታየ ይመስለኛል።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ውበት የጠገበ ሰው ጉዳይ ነው፤ ድኻ የሚያስፈልገው አስፋልት ብቻ ነው» ወደሚል መደምደሚያ መሮጥ ሌላ ስሕተት ነው። ድኻን ዐይን ነሥቶ ሆድ ብቻ መስጠት ነው። ይህን ለማስተባበል ደግሞ ወደ ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልግም፤ ዘቢዳርን ተሻግሮ ወደ ሰባት ቤት ጉራጌ መንደሮች መግባት ይበቃል።

በዚያ ጀፎረ አለ። ጀፎረ በሁለት ረድፍ በተሠሩ ጎጆዎች መካከል የሚዘረጋ፣ ሣር የለበሰ፣ እጅግ ሰፊ የመንደር መንገድ ነው። ቤቶቹ ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ፤ እንሰቱ ከጓሮ ነው። ጥጃ ይግጥበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ፈረስ ይጋለብበታል፤ ሙሽራ ይታጀብበታል፣ ሟች ይለቀስበታል፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ይፈርድበታል። ሰው ይሄድበታል፤ መሄድ ግን ከአገልግሎቶቹ አንዱ ብቻ ነው። የግል አይደለም፤ ወሰኑን ገፍቶ አጥሩን ያስጠጋ ሰው በባህላዊው ሕግ፣ በቂጫ፣ ይጠየቃል። መሬት ጠባብ፣ ሰው ብዙ በሆነበት አገር፣ እርሻ ሊሆን የሚችለውን ያህል ምድር ለሁሉም ሲባል ሳይታረስ እንዲቆይ ሕዝቡ በየትውልዱ ወስኗል። የእንጀራ ጥያቄ እያለበት ነው የወሰነው። ይህን ውሳኔ ጥጋብ የሚለው ማን ነው?

ደግሞም ይህ ሕዝብ መኪናን የሚሸሽ አልነበረም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ይሠሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች፣ ነጋዴው ከነጋዴነቱ፣ ሊስትሮው ከሣንቲሙ እያዋጡ፣ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው የመኪና መንገድ ወደ አገራቸው አስገብተዋል። በራስ አነሣሽነት ከተሠሩት የዘመኑ ሥራዎች መካከል ስሙ በክብር የሚነሣ ነው። ገንዘቡን ያዋጣው ሰው በዓል ሲደርስ በዚያው በከፈለበት መንገድ እየተሳፈረ ይመጣና መጨረሻ ላይ ከመኪናው ወርዶ በጀፎረው ሣር ላይ ይራመዳል። ጎዳናው ለመድረስ ነው፤ ጀፎረው ለመኖር። አንዱ ሌላውን እንዲበላ አልፈቀደም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ፈቃድ ዛሬ የማን እንደሆነ ነው። የላንድ እረኞችን ሜዳ ወደ ደን የለወጠው የ1857 ሕግ መሬቱን ያየው ጥቅም እንደሌለው ባዶ ምድር ነበር። እረኛው ይኖርበት እንደነበር በካርታ ላይ አይታይም። ጀፎረም በካርታ ላይ ሲታይ ባዶ ነው። ቤት የለበትም፣ ሰብል የለበትም፤ ለቦታ መሪው፣ ባሕር ዛፍ ለሚተክለው፣ ቀጥ ያለ የመኪና መንገድ ለሚፈልገው ቀያሽ ከዚህ የተመቸ ምድር የለም። በአንዳንድ መንደሮች መሸርሸሩም ተጀምሯል። ምናልባት ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻችን ዕረፍት አግኝተው፣ ጠግበው፣ ጸጥ ያለ መንገድ ፍለጋ ይወጡና ገንዘብ ከፍለው ያሠሩ ይሆናል። ያፈረስነውን መልሶ መግዛት ለእኛ አገር ውድ ነው።

ብስክሌትን በተመለከተ ሕዝባችን ይበልጥ የሚያውቀው በውድድር ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተካፈለችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን፣ ገረመው ደንቦባ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን ፍጥነትን እንጂ ዝግታን የሚያስተምር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በአዲስ አበባ የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ለጥቂት ሰዓት መኪና አቁሞ አስፋልቱን ለእግረኛ፣ ለልጆችና ለብስክሌት ሲለቅ፣ ብዙ የከተማ ልጅ የሰፈሩን መንገድ ስፋት ያን ቀን አየ። መልካም ጅማሮ ነው። ግን በስሙ ውስጥ አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ፤ በሌላው ቀን መንገዱ ለማን ነው?

በእንሴኖ በገበያ ቀን የቆመ ሰው መልሱን በዐይኑ ያያል። ከመንገዱ ጫፍ ላይ በእግር ብዛት የተደለደለች አንዲት ቀጭን መስመር አለች። እንጨት ያዘሉ ሴቶች፣ አህዮች፣ ጋሪዎች፣ ተማሪ የሚያፈናጥጥ ብስክሌት ሁሉ በእሷ ላይ ናቸው፤ ጭነት መኪና በመጣ ቁጥር ሁሉም ወደ ቦዩ ይወርዳሉ፣ ሲያልፍ ይወጣሉ። መሐንዲሶች ይህችን መስመር «ትከሻ» ይሏታል። ስሟ እውነት ነው፤ ሸክሙ ያለው በእሷ ላይ ነው። መንገድ ሲታደስ ስንት ክንድ ትስፋ የሚለው ጥያቄ የሚወሰነው ግን በወረቀት ላይ፣ እነዚያ ሴቶች በሌሉበት ነው። ጀፎረ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌዎቹ መጥተው፣ መንደሩ እያየ፣ በእግራቸው ቆመው ያስለኩ ነበር።