ጡረታ፦ ዕዳ ወይስ ምጽዋት?

የሰው ልጅ ጉልበቱ ሲደክም በምን ይኑር? ጥያቄው ጥንታዊ ነው። በአገራችን ለመንግሥት ሠራተኛው መልስ የሰጠው አዋጅ ቁጥር 209/1955 ሲሆን፣ የግል ድርጅት ሠራተኛው እስከ አዋጅ ቁጥር 715/2003 ድረስ ጠብቋል። ገበሬው ግን ዛሬም ከሥርዓቱ ውጭ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው አማኑኤል፣ በአንድ የገበያ ቀን የሁለት አረጋውያንን ወግ አዳመጥሁ። ጡረተኛው መምህር አበላቸው የጤፍን ዋጋ መከተል እንዳቃተው ሲያማርሩ፣ ገበሬው «መምህር፣ እርስዎስ ወር ሲሞላ የሚጠብቁት አለ፤ የእኔ ጡረታ ልጄ ነበር፤ እሱም ከተማ ገብቶ ቀረ» አሉ። መምህሩ መልስ አልነበራቸውም።

አበል ይጨመር በተባለ ቁጥር «ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚል ክርክር ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከግብር ቢከፈል፣ ሳሙና በገዛ ቁጥር ታክስ የሚከፍለው አበል የለሹ ገበሬ ይሸከመዋል፤ ከመዋጮ ቢሆን ደግሞ ቀንበሩ በወጣቱ ሠራተኛ ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ይሁንና ክርክሩ የነገሩን ግማሽ ይሸፍናል። አዋጅ ቁጥር 714/2003 የሠራተኛውን መዋጮ ወደ 7፣ የመንግሥትን ወደ 11 በመቶ አሳደገ፤ በዚያው ስሌት 30 ዓመት ያገለገለ ሰው የአማካይ ደመወዙ 55 በመቶ ይታሰብለታል። ይህ ችሮታ ሳይሆን ዘግይቶ የሚከፈል ደመወዝ ነው። ከዚህም በላይ፣ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ከጡረታ ፈንዱ ከፍተኛ ገንዘብ በግምጃ ቤት ሰነድ አማካይነት፣ ከዋጋ ንረቱ እጅግ ባነሰ ወለድ ለመንግሥት ሲበደር ኖሯል። የተመለሰው ብር በቁጥር ቢሞላም በመግዛት ኃይሉ ጎደለ። እንግዲህ «ጭማሪውን ማን ይክፈል?» ከማለት በፊት «ጉድለቱን እስካሁን ማን ሲከፍል ኖረ?» ማለት ይገባል።

በእኔ እምነት ፍትሕ ሁለት ፊት አለው። አነስተኛ አበል የሚያገኙትን በማስቀደም ለጡረተኛው ጭማሪ መስጠት ዕዳን መክፈል ነው፤ ፈንዱም ከእንግዲህ ዋጋው ሳይሸረሸር መያዝ አለበት። የገበሬውን ማጣት የመምህሩን መብት ማፈኛ ማድረግ ግፍ ነው፤ በመምህሩ መብት ተከልሎ ገበሬውን መርሳትም እንዲሁ።

መምህሩ ፊደል ያስቆጠሩት በገበሬው እህል ጠግበው ነው፤ የገበሬው ልጅም ፊደል የቆጠረው በእርሳቸው ድካም ነው። የአንዳቸውን ዕዳ ከፍሎ የሌላውን የካደ ኅብረተሰብ ሒሳቡን አልዘጋም።